ግቢ ውስጥ በጊዜ መጠየቅ፦ ከምደባ እስከ ቴምፖ

ይህን የምጽፈው ምደባ ወጥቶላችሁ ሻንጣ እያሰናዳችሁ ላላችሁ ታናናሾቻችንና ለወላጆቻችሁ ነው። በ2012 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የገባነው ተማሪዎች የፍሬሽማን ዓመት ተመልሶ ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ ነበርን። ከእኛ በፊት የነበሩት ገና ሲገቡ ወደ ትምህርት መስካቸው ያመሩ ነበር፤ ለእኛ ግን አንድ ዓመት ሙሉ የጋራ ኮርስ ተጨመረ፣ የሦስት ዓመቱም ትምህርት አራት ሆነ። ዓመቱ ሳይጋመስ በብዙ ግቢዎች ግጭት ተነሣ፤ መጋቢት ላይ ኮሮና መጥቶ ወደየቤታችን በተነን፤ በኋላ ደግሞ የመውጫ ፈተና ደረሰብን። በዚያ ሁሉ ውስጥ አልፎ የተመረቀውን መንገድ ላይ ከቀረው ጋር ሳስተያይ፣ ልዩነቱን ያመጣው የአእምሮ ብልጫ ነው ለማለት አልደፍርም። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ በጊዜ ጠየቀ፤ ሌላው አፍሮ ወይም «ነገ» ብሎ ዝም አለ። እኔንም ግቢ ከምንም በላይ የቀረጸኝ በዚህ ነው፤ መጠየቅ አስተማረኝ።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባልን ነው ያደግነው። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ዝምታ ያን ያህል አይጎዳም። ስትቀሩ የሚመዘግብ አለ፣ ስትደክሙ «ወላጅ አምጣ» ይባላል፣ መምህሩም በስም ያውቃችኋል። ግቢ ውስጥ ወላጅ አይጠራም። ማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ወይም የባቹ ቴሌግራም ላይ ይለጠፋል፣ ቀኑ ያልፋል፣ በቃ። ሬጅስትራር መስኮት ላይ «አልሰማሁም» የሚል ምክንያት አይሠራም። ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራችሁ የዩኒቨርሲቲያችሁን የሴኔት ሕግ ፈልጎ ስልክ ላይ ማስቀመጥ ይሁን፤ ተማሪው ሌጅስሌሽን ይለዋል። ሙሉውን ማንበብ አያስፈልግም። ስለ ምዝገባ፣ ስለ ፈተና፣ ስለ ግሬድ አቤቱታ፣ ስለ ዊዝድሮዋል (ትምህርት አቋርጦ መውጣት) እና ስለ ዲስሚሳል (በውጤት መሰናበት) የሚያወሩትን ክፍሎች አንብቡ፤ አንድ ከሰዓት ይበቃል። እዚህ የምጠቅሳቸው አሠራሮች በአብዛኛው ግቢ ያሉ ናቸው፤ ቀነ ገደቦቹና አንዳንዱ ቁጥር ግን ከግቢ ግቢ ይለያያሉና የራሳችሁን አረጋግጡ።

ይዛችሁ የምትሄዱት ነገር የጥሪ ማስታወቂያው ላይ ተዘርዝሯል፤ ብዙውን ጊዜ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ ከ9 እስከ 12 ያለው ትራንስክሪፕት ዋናውና ኮፒው፣ 3 በ4 ፎቶዎች፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ ነው። ሁለት ጠንካራ ጓጉንቸር ጨምሩበት፤ አንዱ ለሎከር፣ አንዱ ለሻንጣ። ሰነዶቹን በሙሉ በስልክ አንሥታችሁ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኳቸው። ስልክ ሊጠፋ ይችላል፤ የላካችሁት ግን አይጠፋም።

ምዝገባ ላይ ሁለት ነገር በጥንቃቄ ተመልከቱ። አንዱ የስማችሁ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ነው። የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት ላይ በአንድ «ኤስ» የተጻፈው ስም እዚህ በሁለት «ኤስ» ከተመዘገበ፣ ስህተቱ እስከ ዲግሪው ድረስ አብሮ ይጓዛል፤ በኋላም ፓስፖርት ላይ፣ ፋይዳ ላይና ሥራ ቅጥር ላይ «ይህ ሰው አንተ ነህ?» ያስብላል። በመጀመሪያው ሳምንት ማስተካከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከምረቃ በኋላ ግን ማስረጃና ደብዳቤ እየያዙ ቢሮ ለቢሮ መዞር ይሆናል። ሁለተኛው የወጪ መጋራት ውል ነው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው ደንብ መሠረት ተማሪው የምግብና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። ውሉ በየዓመቱ ይፈረማል። ያለመደው ሰው ሰልፉን ብቻ እያየ ሳያነብ ይፈርማል። ምን ምን ተጠቅማችሁ እንደሞላችሁ አንብቡ፤ ዶርም ብቻ የሚጠቀም፣ ምግቡን በገንዘብ የሚወስድና ከቤቱ እየተመላለሰ የሚማር ሰው ሒሳባቸው አንድ አይደለም። የፈረማችሁትን ወረቀት በየዓመቱ ፎቶ አንሡት።

ወደ ትምህርቱ ልግባ፤ ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው እዚህ ነውና።

አዲስ ተማሪ የሚሳሳተው ትልቁ ነገር ፋይናልን ዋናው ፈተና አድርጎ ማየቱ ነው። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና እንዲያ አስለምዶናል፤ ዓመቱን ሙሉ ተጠብቆ በመጨረሻ አንድ ጊዜ መዘርገፍ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በአብዛኛው ከ100 ማርክ 50ው በኩዊዝ፣ በሚድ፣ በአሳይንመንትና በፕሬዘንቴሽን ያልቃል። ኤ በብዙ ግቢዎች ከ85 ይጀምራል፤ 83 የሚያደርጉም አሉ። ከመጀመሪያው 50 ማርክ 43 ይዞ ፋይናል የሚገባ ተማሪ ከፋይናሉ 42 ቢያመጣ 85 ሞላ፤ ኤ ነው። 28 ይዞ የገባው ግን ፋይናሉን ቢደፍነው እንኳ ድምሩ 78 ነው፤ ቢ ፕላስ። ኤውን ያጣው ፋይናል ክፍል ውስጥ አይደለም፤ ከሁለት ወር በፊት «5 ማርክ ምን ታመጣለች» ብሎ የተዋት ኩዊዝ ላይ ነው። ስለዚህ መምህሩ የመጀመሪያ ቀን ኮርስ አውትላይን ሲሰጥ መጀመሪያ የምታዩት የማርክ አከፋፈሉን ይሁን። አውትላይን ካልሰጠ ጠይቁ። ከእያንዳንዱ ኩዊዝና ሚድ በኋላም ያገኛችሁትን ማርክ በአንድ ደብተር ጻፉ፤ ጥቅሙን በኋላ ግሬድ ሳይሞላ ሲቀር ምን እንደሚደረግ ሳወራ ታዩታላችሁ።

የሴሚስተሩ አማካይ ነጥብ (ጂፒኤ) እንዴት እንደሚሰላ እስኪ በቁጥር ልሥራው። የፍሬሽማን የመጀመሪያ ሴሚስተር ላይ ማትስ፣ ኢንግሊሽ፣ ሳይኮሎጂ፣ ሎጂክ፣ ጂኦግራፊና ፊዚክስ እያንዳንዳቸው 5 ኢሲቲኤስ (የኮርስ ክብደት መለኪያ) ናቸው እንበል፤ ድምሩ 30። አንድ ተማሪ ኤ ማይነስ፣ ቢ ፕላስ፣ ሁለት ቢ፣ ሲ ፕላስ፣ ማትስ ላይ ደግሞ ዲ አገኘ። 3.75፣ 3.5፣ 3፣ 3፣ 2.5 እና 1 ስንደምር 16.75 ነው፤ ለስድስት ሲካፈል 2.79። ያቺ ዲ ቢ ብትሆን ኖሮ 3.125 ይሆን ነበር። አንድ ኮርስ ብቻውን ይህን ያህል ይጎትታል። የሚጎዳው ደግሞ የመጀመሪያው ሴሚስተር መሆኑ ነው። በመጀመሪያው 2.00 ያመጣ ተማሪ ከዚያ በኋላ በየሴሚስተሩ 3.50 ቢያመጣ፣ በሁለተኛው መጨረሻ 2.75፣ በሦስተኛው 3.00፣ በስምንተኛው ሲመረቅ ደግሞ 3.31 ነው። ሰባት ሴሚስተር በሙሉ 3.50 እየሠራ 3.50 ሆኖ አይመረቅም። «መጀመሪያ ልለማመድ፣ ከሁለተኛ ዓመት እጀምራለሁ» የሚለውን ሐሳብ ከአእምሯችሁ እንድታወጡት ብዬ ነው ይህን ያሰላሁት።

የ5 ኢሲቲኤስ ኮርስ በሥርዓተ ትምህርቱ የሚጠይቀው 135 ሰዓት ያህል ነው። ስድስቱን ኮርስ ለ16 ሳምንት ስትመድቡት በሳምንት 50 ሰዓት ገደማ ይመጣል። ክፍል ውስጥ የምትቀመጡት 18 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የቀረው ከ30 ሰዓት በላይ የእናንተ ነው፤ ማንም ፕሮግራም አያወጣለትም፣ ማንም አይቆጣጠረውም። ዶርም አልጋ ላይ ተጋድሞ ማንበብ ደግሞ ማንበብ አይደለም። ላይብረሪ ወይም ስፔስ (ለንባብ ክፍት የሆነ የመማሪያ ክፍል) ሂዱ፤ ከእራት በኋላ ያለውን ሁለት ሰዓት ተኩል ከእሑድ እስከ ኀሙስ ብታስከብሩት ከሳምንታዊው የራስ ሥራ ከሲሶ በላዩ ያልቃል።

እንግሊዝኛው ብዙዎችን ያስደነግጣል፤ በተለይ ከገጠርና ከትንንሽ ከተሞች የመጣነውን። መምህሩ ሲናገር ቃላቱ ይሰማሉ፣ ሐሳቡ ግን ያመልጣል። መፍትሔው ከክፍል በፊት የዚያን ቀን ምዕራፍ 20 ደቂቃ ገረፍ ገረፍ አድርጎ ማንበብ ነው፤ የማታውቋቸውን ቃላት አውጥታችሁ ትርጉማቸውን ከጎን ጻፉ። ለእያንዳንዱ ኮርስ ከ60 እስከ 80 የሚሆኑ ቃላት ናቸው ደጋግመው የሚመጡት፤ በአንድ ወር ይለመዳሉ። መጠየቅ ሲያስፈራ ጥያቄውን ቀድማችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፉና አንብቡት፤ ማንበብ ነውር የለውም። ክፍል ውስጥ ካልሆነላችሁ በመምህሩ የማማከሪያ ሰዓት ቢሮ ሂዱ። «ምዕራፍ ሦስት አልገባኝም» ካላችሁ መምህሩም ከየት እንደሚጀምር አያውቅም፤ ሁለታችሁም ትሰለቻላችሁ። የሞከራችሁትን ወረቀት ዘርግታችሁ «እዚህ ሦስተኛው መሥመር ላይ ምልክቱ ለምን ተቀየረ?» ካላችሁ በአምስት ደቂቃ ይፈታል። ብዙ መምህራን እንዲህ አድርጎ የመጣን ተማሪ ከመርዳት ወደ ኋላ አይሉም። ፊታችሁንም ያውቁታል፤ ኋላ ሪኮመንዴሽን (የድጋፍ ደብዳቤ) ስትፈልጉ የሚጽፍላችሁ የሚያውቃችሁ ሰው ነው።

ስለ አጠናን ባጭሩ። ሽምደዳ ለሳይኮሎጂ ትርጉሞች ይሠራ ይሆናል፤ ለማትስና ለሎጂክ አይሠራም። የድሮ ፈተናዎችን ከሲኒየሮች ጠይቁ፣ ግን መልሱን ለመሸምደድ ሳይሆን መምህሩ ከየትኛው ክፍል እንደሚያወጣ ለማየት። በቡድን ስታጠኑ ከአራት አትብለጡ፤ ስድስት ስትሆኑ ወሬ ይሆናል። እያንዳንዱ ሰው አንድ ርዕስ ለሌሎቹ ያስረዳ፤ ማስረዳት ያልቻለው ገና አልገባውም ማለት ነው። ኩረጃን ግን እንዳትሞክሩት። የተያዘ ሰው ኮርሱ ላይ ኤፍ ከማግኘት አልፎ እስከ መታገድ ይደርሳል፤ ያልተያዘው ደግሞ የመውጫ ፈተና ላይ ብቻውን ኮምፒውተር ፊት ይቀመጣል።

አሁን ማንም በጊዜ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ግሬድ ሲለቀቅ በአንድ ኮርስ ፊት «ኤንጂ» ወይም «አይ» ተጽፎ ልታዩ ትችላላችሁ። ኤንጂ ማለት ውጤታችሁ ለሬጅስትራር አልደረሰም ማለት ነው፤ አይ ደግሞ አንድ የጎደለ ፈተና ወይም ሥራ አለ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ መንስኤው ቀላል ነው፦ የሚድ ወረቀት ሌላ ሴክሽን ውስጥ ገብቷል፣ አሳይንመንት ላይ መታወቂያ ቁጥር አልተጻፈም፣ መምህሩ ዝርዝሩን ሲሞላ አንድ መሥመር ዘሏል። ተማሪው «ራሱ ይስተካከላል» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አይስተካከልም። ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ኤፍ ይሆናል፤ ያ መምህር እስከዚያ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ወይም ለትምህርት ሄዶ ሊሆን ይችላል። ግሬድ በተለቀቀ በሁለት ቀን ውስጥ መምህሩን፣ እሱ ካልተገኘ የዲፓርትመንቱን ኃላፊ በአካል አግኙ። ያንን የማርክ ደብተርና የተመለሱላችሁን ወረቀቶች ይዛችሁ ሂዱ፤ በባዶ እጅ የሄደ ሰው ቃሉ ብቻ ነው ያለው። ውጤቱ ከጠበቃችሁት በጣም ካነሰም አቤቱታ ማቅረብ መብታችሁ ነው፤ ቅጹ አለ፣ ወረቀቱም ተመልሶ ይታያል። መምህሩ ይቀየመኛል ብላችሁ አትፍሩ፤ በአክብሮት «መምህር፣ የፋይናል ወረቀቴን ማየት እችላለሁ?» ማለት ድፍረት አይደለም። ኤፍኤክስ (ለማለፍ ጥቂት የጎደለው ውጤት) ካገኛችሁ በብዙ ግቢዎች ኮርሱን ሳትደግሙ እንደገና መፈተን ይቻላል፤ ኤፍ ከሆነ ኮርሱ ይደገማል።

ከሁሉ በላይ ልቤን የሚያሳዝነኝ የዊዝድሮዋል ነገር ነው። አባት ሞተ፣ ተማሪው ታመመ፣ ወይም ቤት ውስጥ ችግር ተፈጠረ። ልጁ ሌሊት ሻንጣውን ይዞ ይወጣል፤ ለቅሶ ላይ ማን ስለ ፎርም ያስባል? በወሩ ሲመለስ የሁሉም ኮርስ ውጤት ኤፍ ሆኖ ይጠብቀዋል፣ ወይም ከመዝገብ ወጥቷል። ዊዝድሮዋል ፎርም ሞልቶ፣ አስፈርሞ፣ ዶርምና ካፌ አስረክቦ የወጣ ተማሪ ግን በሚቀጥለው ዓመት በሪአድሚሽን (ተመልሶ በመግባት) ሴሚስተሩን ከመጀመሪያ ይጀምራል፣ ግሬዱም አይነካም። ለጥቂት ቀን ብቻ ከሆነ የምትሄዱት ዲፓርትመንቱን በጽሑፍ አስፈቅዱ። ራሳችሁ መሄድ ካልቻላችሁ ጓደኛ በዚያው ዕለት ያመልክትላችሁ። ታማችሁ ፈተና ካመለጣችሁ ደግሞ የሕክምና ማስረጃውን ከግቢው ክሊኒክ አውጡ፤ ከውጭ የታከማችሁ ከሆነም የግቢው ክሊኒክ እንዲያረጋግጠው አድርጉ፤ ያልተረጋገጠ ወረቀት ለሜካፕ (ያመለጠውን ለሚተካ) ፈተና ብዙ ጊዜ አይያዝም። ፈተናው ካለፈ በሦስተኛው ሳምንት የቀረበ ወረቀትም ዋጋ የለውም።

ለመመረቅ አጠቃላይ ነጥብ ቢያንስ 2.00 ያስፈልጋል። ከዚያ በታች የወረደ ተማሪ እንደ ነጥቡ ዋርኒንግ (ማስጠንቀቂያ) ይሰጠዋል ወይም ዲስሚስ ይደረጋል፤ ልጆቹ «ኤዲ ሆነ» የሚሉት ዲስሚስ የተደረገውን ነው። ኤዲ የሆነ ልጅ ለቤተሰቡ መንገር ያቅተዋል። እየተማረ መስሎ እዚያው ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚቆይም አለ፤ ገንዘብ ይላክለታል፣ እሱም በየቀኑ እየጨለመበት ይሄዳል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ፤ ወላጆችም ልጃችሁ እውነቱን ቢነግራችሁ አትቆጡት። ብዙው ዲስሚሳል በሩን ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ሪአድሚሽን የሚፈቀድለት ከሆነ በሚቀጥለው ዓመት በተመሳሳዩ ሴሚስተር ማመልከት ይችላል፤ የማመልከቻው ጊዜ አጭር ስለሆነ ቀኑን ከግቢ ከመውጣታችሁ በፊት ከሬጅስትራር ጠይቁ። ከባድ ሐሳብ ከያዛችሁ የተማሪዎች ምክር አገልግሎት ቢሮ አለ፤ በር አንኳኩታችሁ መግባት እንጂ ቀጠሮ እንኳ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

የዲፓርትመንት ምርጫ በፍሬሽማን መጨረሻ ይመጣል። ምደባው የፍሬሽማን ነጥብን፣ በብዙ ግቢዎችም የ12ኛ ክፍል ውጤትን ደምሮ ይሠራል፤ ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለታዳጊ ክልሎች ተማሪዎች የድጋፍ ነጥብ አለ። ፎርሙ ላይ ሁሉንም ምርጫ በቅደም ተከተል ሙሉ። ሦስት ብቻ ሞልቶ የተወ ሰው በሦስቱ ካልደረሰው የተረፈው ቦታ ይሰጠዋል። ጓደኛ ስለገባ ብቻ መግባት ደግሞ የቀሩትን ዓመታት በሙሉ ያስከፍላል። ከመሙላታችሁ በፊት የምትፈልጉት ዲፓርትመንት ሦስተኛ ዓመት ላይ ያለ ተማሪ ፈልጋችሁ ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ሁለተኛ ዓመት ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ኮርስ የትኛው ነው? ያለፈው ባች ምን ምን ሥራ ያዘ? የሲኒየር ሃንድአውትና ሞጁልም በዚያው ይገኛል።

ገንዘብ። ከቤት የሚላከው ሲደርስ በአራት ሳምንት ክፈሉትና በቴሌብር ወይም በባንክ አካውንት የዚያን ሳምንቱን ብቻ አውጡ። ነን ካፌ (ምግቡን በገንዘብ የሚወስድ) ከመሆናችሁ በፊት የሚሰጠው ገንዘብ ውጭ ስንት ቀን እንደሚያበላ አስሉ፤ ጓደኞቻችሁ ስለሆኑ ብቻ አትሁኑ። በሶ፣ ቆሎና ጭኮ ከቤት ይዞ መምጣት ዛሬም የሚያዋጣ ነገር ነው፤ ካፌው ሰልፍ አምልጧችሁ ሚድ ስታጠኑ ማምሻችሁ የሚያልፈው በእሱ ነው።

ዶርም ውስጥ ከትግራይ፣ ከወላይታ፣ ከጎንደር፣ ከሐረርጌና ከወለጋ የመጡ ልጆች ተደራራቢ አልጋ ላይ አብረው ይተኛሉ። የተጻፈ ደንብ ስለሌለ በመጀመሪያው ሳምንት ተቀምጣችሁ ተስማሙ፦ መብራት ስንት ሰዓት ይጠፋል፣ ስልክ የት ይወራል፣ እንግዳ እስከ ስንት ሰዓት ይቆያል፣ ጽዳት በተራ የማን ነው። በሁለተኛው ወር መነጋገር ሲጀመር ጠብ ሆኗል። በ2012 ግቢዎቹ ሲታወኩ ልጆችን ያዳነው ብዙ ጊዜ የዶርም ጓደኛ ነበር፤ በብሔርም በሃይማኖትም የማይመስለው የዶርም ጓደኛ። ወሬ ሲነዛ ቴሌግራም ላይ ያያችሁትን ለሌላ አታስተላልፉ፤ ለፕሮክተሩ (ለዶርም ተቆጣጣሪው) ወይም ለተማሪዎች ኅብረት ተናገሩ። ግቢ ጉባኤ፣ ጀመዓ፣ ፌሎሺፕ፣ የትኛውም ቤታችሁ ይሁን፣ ሰው ሲታመምና ሲቸገር ቀድሞ የሚደርሰው እዚያ ያለው ሰው ነውና ራሳችሁን አታግልሉ።

ለሴት እኅቶቼ ይህን በግልጽ መጻፍ እፈልጋለሁ። ማርክን ምክንያት አድርጎ ቢሮ ለብቻሽ ደጋግሞ የሚጠራሽ፣ ማታ መልእክት የሚልክ መምህር ወይም ሠራተኛ ካለ ጥፋቱ የእሱ ነው። መልእክቱን አታጥፊው፤ ስክሪንሹት አንሥተሽ ከቀኑ ጋር ለምታምኛት ጓደኛ ላኪ። ቢሮ መሄድ ግድ ከሆነ ከጓደኛሽ ጋር ሂጂ። በየግቢው የሥርዓተ ፆታ ቢሮ አለ፤ አቤቱታ ይቀበላል፣ ለሴት ተማሪዎች ቲቶሪያል ያመቻቻል፣ ለተቸገሩም የገንዘብና የንጽሕና መጠበቂያ ድጋፍ የሚሰጥበት ግቢ ብዙ ነው። ብዙ ሴቶች መኖሩን የሚሰሙት ሊመረቁ ሲሉ ነው።

ወደ መጨረሻው ዓመት ስትደርሱ ሪሰርቹ (የመመረቂያ ጥናቱ) ይመጣል። የሚጓተተው በርዕስ ስፋት ነው። «የወጣቶች ሥራ አጥነት በኢትዮጵያ» በሁለት ሴሚስተር አይጠናም፤ «በዚህ ከተማ በሁለት ቀበሌ ያሉ ተመራቂ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ላይ የሚያጋጥማቸው» ይጠናል፤ መጠይቁን በእግራችሁ ዞራችሁ ትሞሉታላችሁ። አድቫይዘራችሁ (የጥናቱ አማካሪ መምህር) ከዘገየባችሁ «መቼ ያዩልኛል?» ብቻ አትበሉ፤ ምዕራፉን ስትልኩ ከላዩ ሁለት ጥያቄ ጻፉበት፤ አጭር ጥያቄ ቶሎ መልስ ያገኛል። ከኮፒ ቤት የተዘጋጀ ሪሰርች መግዛት ደግሞ ዲፌንስ (ጥናቱ በመምህራን ፊት የሚቀርብበት መድረክ) ላይ ያጋልጣል። ስለ ናሙና አመራረጡ የመጀመሪያው ጥያቄ ሲመጣ ያልሠራው ሰው ይታወቃል።

የመውጫ ፈተናው በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በሁሉም መስክ ሲጀመር ከ150 ሺህ በላይ ተማሪ ተፈትኖ ያለፈው 40 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር። 100 የምርጫ ጥያቄዎች በኮምፒውተር ይቀርባሉ፤ ማለፊያው 50 ነው። ይህን ሳያልፉ ዲግሪ የለም፤ ነጥቡ 3.8 ቢሆንም። የሚወድቁት ሰነፎች ብቻ አይደሉም። ለየሴሚስተሩ ሸምድዶ ከፈተናው ማግስት የረሳ ጎበዝ ተማሪም ይወድቃል፤ ጥያቄው የሚወጣው ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ከተማራችኋቸው ዋና ዋና ኮርሶች ነውና። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ ብሉ ፕሪንቱን ማግኘት ነው፤ የትኛው ኮርስ ስንት ጥያቄ እንደሚወጣበት ያሳያል። በዲፓርትመንቱ በኩል ይገኛል፤ ካልተሰጣችሁ ጠይቁ። ቀጥሎ ኮርሶቹን በሁለት ከፍሉ፦ የምታውቋቸውና የጠፉባችሁ። ብዙ ጥያቄ ያለበትና የጠፋባችሁ ኮርስ ቀድሞ ይነበብ፤ ሁለት ጥያቄ ብቻ የሚወጣበት ከባድ ኮርስ መጨረሻ ላይ ይሁን። ኮርሶቹ 15 ቢሆኑ ለአንዱ አራት ቀን ስትሰጡት ሁለት ወር ነው፤ ሦስተኛው ወር ለጥያቄ መሥራት። ዩኒቨርሲቲው የሚሰጠውን ሞዴል ፈተና እንደ እውነተኛው ተቀመጡለት፤ ኮምፒውተር ላይ ረጅም ጥያቄ አንብቦ መመለስ ከወረቀት ስለሚለይ ልምምድ ይፈልጋል። ለዚህ ሁሉ መሠረቱ ግን የሁለተኛ ዓመት ሞጁላችሁንና ደብተራችሁን አለመጣላችሁ ነው። ሴሚስተር ሲያልቅ ሃንድአውቱን ሸጠው ወይም ጥለው የሚሄዱ ብዙ ናቸው፤ በኋላ ግን ከቴሌግራም ቻናል የማን እንደሆነ የማይታወቅ ወረቀት ይለቅማሉ። ያላለፈ ሰው በሚቀጥለው ዙር እንደገና መፈተን ይችላልና አንድ ጊዜ ወደቅሁ ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ ወዲያው የት እንደተሳናችሁ አስታውሳችሁ ጻፉና ከዚያ ጀምሩ።

ጋዋኑ ከተለበሰ በኋላም ሥራ አለ። ክሊራንስ (ያልመለሳችሁት ንብረት እንደሌለ የሚያረጋግጥ ፎርም) ከላይብረሪ፣ ከዶርም፣ ከካፌ፣ ከዲፓርትመንት፣ ከላብ ወይም ከስቶር ይፈረማል። አንድ ያልመለሳችሁት መጽሐፍ ወይም የጠፋ የዶርም ቁልፍ ሰነዳችሁን ያስይዛል። ስለዚህ ክሊራንሱን ምረቃው ሳምንት ላይ ሁሉም ሲሰለፍ ሳይሆን ፋይናል እንዳለቀ ጀምሩ። ከዚያ ቴምፖ (ጊዜያዊ የዲግሪ ማስረጃ) እና ስቱደንት ኮፒ (ለተማሪው የሚሰጥ የውጤት ዝርዝር) ይሰጣችኋል። ዋናው ዲግሪ የሚሰጠው የወጪ መጋራት ዕዳው ሲከፈል ነው። ሥራ ከያዛችሁ ቀጣሪው በየወሩ ከደመወዝ ቆርጦ ያስገባል፤ አቅሙ ያለው ደግሞ በአንድ ጊዜ ከፍሎ ይወስዳል። የከፈላችሁበትን ደረሰኝ አንዱንም አትጣሉ። «በዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ ብዙው ቀጣሪ ቴምፖውን ይቀበላል፤ ለሁለተኛ ዲግሪ ወይም ለውጭ አገር የሚጠየቀው ግን ሬጅስትራር ራሱ አሽጎ የሚልከው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው። ከሩቅ ክልል ለተማራችሁ ይህ ከባድ ነው፤ ለአንድ ፖስታ ብሎ የሁለት ቀን መንገድ መመለስ አለና። ከተማውን ሳትለቁ እዚያው ለሚኖር የምታምኑት ሰው፣ ለምሳሌ ገና የሚማር ታናሽ ጓደኛ፣ ሰነድ እንዲያወጣላችሁ ውክልና አስመዝግባችሁ ስጡት፤ ውክልናው ላይ የዩኒቨርሲቲው ስም፣ የመታወቂያ ቁጥራችሁና «ትራንስክሪፕትና ዲግሪ እንዲያወጣ» የሚለው ቃል በግልጽ ይጻፍ፤ እንዲሁ «ጉዳዮቼን እንዲፈጽም» ተብሎ ከተጻፈ አንዳንድ ሬጅስትራር አይቀበለውም።